ሲሚንቶ ያልነካው ግድግዳ

ነገሌ ላይ ጉያቱን በአባቷ ስም የሚጠራት የለም። ጉያቱ ሲሚንቶ ናት። ስሙ ሲወጣላት ሙገሳ ነበር፤ ቆይቶ ግን ግማሹ ፍርሃት ሆነ፤ ሴትዮዋ ከተቆጣች ድርቅ ነው የምትለዋ። የጎበጠ ልስን ካየች የማን ቤት ነው ሳትል በር አንኳኩታ ትሳደባለች። የለሰነውን ትሰድባለች፤ የከፈለውንም፣ አይቶ ዝም ያለውንም ትሰድባለች። ከተማው አይወዳትም፣ እሷም ከተማውን አትወደውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረው የኖሩት እንዲህ እየተገላመጡ ነው።

ትውልዷ ዱብሉቅ፣ ከጉድጓዶቹ አጠገብ ነው። እዚያ ሰው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ያወጣና ከብት የሚጠጣበት የጭቃ ገንዳ ውስጥ ይገለብጠዋል። ገንዳው ይሰነጠቃል፤ ይመረጋል፤ ደግሞ ይሰነጠቃል። የጉያቱ ልጅነት ያለቀው ለዚያ ገንዳ ጭቃ ስታቦካ ነው። እናቷ ደግሞ እንደማንኛዋም የቦረና ሴት ቤት ሠሪ ነበረች። ሰፈር ሲነሳ ቤቱን ነቅላ፣ እንጨቱን ግመል ላይ ጭና፣ በደረሱበት መልሳ ትተክለዋለች። አንዲት እንጨት አትጣልም። ጉያቱ ይህንን ሁሉ ጠልታው አደገች። ዛሬ ተሠርቶ ነገ የሚደገም ሥራ ለእሷ እርግማን ነበር። በ1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት በተለወጠበት ግርግር መሃል፣ በጨው ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍራ ነገሌ ስትገባ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ጭቃ ሁለተኛ አልነካም ብላ ምላለች።

ያገኘችው ሥራ ባሬላ መሸከም ነው። ግንበኞቹ ሴት ድንጋይና አሸዋ ታቀብላለች እንጂ ግድግዳ አትነካም ይሉ ነበር። እሷ ባሬላውን እያወረደች እጃቸውን ታይ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ግንበኛ ምሳ በልቶ ሲመለስ የጀመረውን ግድግዳ ጨርሳለት አገኛት። አፍርሶ ሊሠራው አስቦ በውሃ ልኩ ቢለካው የእሷ ከእሱ የቀና ነበር። ተሳደበና ግድግዳውን እንዳለ ተወው። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ከሩቅ፣ ከሰሜን፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣ ጀመር፤ በሲሚንቶ ልስን ደግሞ እሷን የሚያክል አልተገኘም።

በዋናው መንገድ ዳር፣ በጣልያን ጊዜ የተሠራ ግድግዳው ክንድ የሚያክል ወፍራም ቤት አለ። ሰው ሁሉ ድንጋዩ ቤት ይለዋል። ድንጋዩ ከቅርብ ተፈልፍሎ የመጣ ነው፤ ያያዘውም ጭቃና ኖራ ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለ ሰው እንደ ቆሎ ሲቆላ፣ ድንጋዩ ቤት የገባ ጋቢ ያምረዋል። ባለቤቱ ሐጂ ዓብዱልወሃብ በስኳርና በጨርቅ ንግድ የኖሩ፣ ቦረንኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ግድግዳውን በቀይ አፈር ያስመርጉታል። በ1991 ዓ.ም. ጉያቱ እሳቸው ፊት ቆማ፣ አንቱን የሚያህል ነጋዴ እስከ መቼ በጭቃ ቤት ይነግዳል፣ አንዴ በሲሚንቶ ልለስንልዎና እስከ ልጅ ልጅ ይገላገሉ አለቻቸው። ሐጂ ቤቱ ጭቃ ለምዷል ብለው ትንሽ ተከራከሩ። ከእሷ ጋር ተከራክሮ የሚረታ ስለሌለ ግን ተሸነፉ።

ሁለት ወር ለሰነችው። ከውስጥም ከውጭም እንደ መስተዋት አደረገችው። የቀረው ከጓሮ ያለችው ትንሽ ክፍል አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ሲሚንቶው አለቀ፣ መንገዱም በጎርፍ ተቆረጠ። ሐጂ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ በሕይወት እስካለሽ ድረስ ያቺ ክፍል ያንቺ ናት አሏት። ወረቀት አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሐጂ ቃል ከወረቀት ይበልጥ ነበር። ጉያቱ ዕቃዋን አስገብታ፣ ያልተለሰነውን ግድግዳ ሰው እንዳያይባት ቁም ሳጥን ደቅና ሸፈነችው። ስሟም ሲሚንቶ ሆነ። ከተማው ተከትሎ ያረጀ ቤቱን ሁሉ አስለሰናት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ድንጋዩ ቤት ማላብ ጀመረ። መጀመሪያ ከወለሉ በላይ አንድ ስንዝር እርጥበት ታየ፤ ከዚያ ነጭ ጨው አወጣ፤ ከዚያ ልስኑ እንደ ቋቁቻ ተላጠ። ጉያቱ በሲሚንቶ ደፈነችው። በሚቀጥለው ዓመት ከላዩ ላይ ወጣ፤ ደግማ ደፈነችው። ሐጂ አርጅተው ነበርና ሰዎች ጥፋቱ የመሬቱ ነው ቢሏቸው አመኑ። እሷ ግን አንድ ቀን አይጥ ስታባርር ቁም ሳጥኑን ገፋ አደረገችውና እጇን ያንን ራቁቱን የቀረ ግድግዳ ላይ አሳረፈች። ደረቅ ነበር። ድንጋዩ እንደ ተጠረበ ነው፤ በመሃሉ ያለው ጭቃ በጥፍር ቢቧጨር አይረግፍም። ያን ጊዜ ገባት። ግድግዳው ከመሬት የሚጠጣውን ውሃ ድሮ በጭቃው በኩል ይተነፍሰው ነበር፤ እሷ አፉን ይዛ አፈነችው። ቤቱን ያሳመመችው ራሷ ናት።

ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። ያን ዕለት ሄዳ ብትናገር አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚላጠው። ጉያቱ ግን ቁም ሳጥኑን መልሳ አስጠጋችና ሌላ ሰው ቤት ሄዳ ለሰነች። ይህንን የማወራው ላሳምራት ብዬ አይደለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እያወቀች ለሰነች፤ ቤቱ ያላበበት ሰው ሲመጣባትም አሸዋህ ጨው ነበረበት እያለች ታባርረው ነበር።

ሐጂ በ2009 ዓ.ም. አረፉ፤ ባለቤታቸውም ብዙ አልቆዩም። ቤቱ ለሁለት ልጆች ቀረ፤ ለጁነይድና ለእህቱ ለኢሕሳን። ጁነይድ በልጅነቱ አዮ ጉያቱ እያለ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ ከእሷ ክፍል የማይወጣ ልጅ ነበር። አድጎ መኪና ሲገዛ አዮ ቀረና አንቺ ሆነ። ድንጋዩን ቤት አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ የመስተዋት ሆቴል ሊያቆም ተነሳ፤ ክፍሎቹን የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ጄኔሬተር ሁሉ አዝዟል። ወንዶሰን የሚባል ተቋራጭ አምጥቶም ግድግዳውን አስመረመረ። ወንዶሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያየውን እርጥበት አይቶ ድንጋዩ በስብሷል አለ። እህቱ ኢሕሳን ግን አስቸገረች። የአባቴ ቤት በእርግጥ ከሞተ ይፍረስ፣ በሕይወት ካለ ግን ፊርማዬ የለበትም አለች። ያለ እሷ ፊርማ ደግሞ አንዲት ድንጋይ አትነሳም።

ጉያቱ ፎቁን በሰማች ዕለት በረንዳው ላይ ጁነይድን ጠብቃ የአባቱን ቃል አስታወሰችው። ወረቀት አምጪ አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ እንደ አይጥና ድመት ሆኑ። እሱ ውሃዋን አስቆረጠባት፤ እሷ የሆቴሉን ሥዕል የያዘውን ሰሌዳ ፊት ለፊቱ ጭቃ ቀባችው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጭቃ አልነካም ያለች ሴት ለንዴት ስትል ነካችው።

በ2015 ዓ.ም. በጋ ላይ ሦስት ነጫጭ መኪኖች ከዶሎ ኦዶ መጥተው በረንዳው ፊት ቆሙ። የስደተኞች ሥራ ላይ ያለ አንድ ድርጅት ነገሌ ላይ የመድኃኒት መጋዘንና ቢሮ ይፈልጋል። የመጣችው መሐንዲስ ኮከብ ትባላለች፤ እዚሁ ነገሌ ያስተማሩት የመምህር ገብረአምላክ ልጅ ናት። ድርጅቱ አዲስ ከመሥራት ያለውን አድሶ መጠቀምን የሚያስቀድም ደንብ እንዳለው፣ ድንጋዩ ቤት ጤነኛ ከሆነ ለአሥር ዓመት እንደሚከራዩት ተናገረች። ጉያቱ ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት በቀስታ አስረዳቻት።

«አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እስኪወጣ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፤ ከዚያ በመኪና እዚህ ድረስ ይጫናል። ይህን አፍርሰን አዲስ ብንሠራ፣ አንድ አምፖል ሳናበራ የስንት ዓመት ጭስ ወደ ሰማይ እንለቃለን። ይህ ድንጋይ ግን አንዴ ተገንብቷል። ግድግዳውም ወፍራም ስለሆነ መድኃኒቱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ነዳጅ አንፈልግም። ሰማዩ የተበላሸብን በጭሱ ነው፣ አዮ።»

ጉያቱ ወደ መንገዱ አየች። ሦስቱም መኪኖች ሞተራቸው አልጠፋም፤ ሾፌሮቹ መስኮት ዘግተው የማቀዝቀዣውን ብርድ እየሞቁ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

«መጀመሪያ እነዚያን አስጠፊ» አለች። «ሰማይ ሰማይ አትበይብኝ። ዋሪዮ ወንድሜ ዱብሉቅ ነው ያለው። ዝናቡ አምስት ጊዜ ሲቀርበት አንድ ጥጃ እንኳ አልተረፈችውም። ያ ሰው በዕድሜው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቶ አያውቅም።»

ኮከብ አፍራ መኪኖቹን አስጠፋች። ጉያቱ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ነገሩ ግን አብሯት ገባ። በትከሻዋ ያወረደችው ከረጢት ስንት ይሆን? አንድ ሺህ? አምስት ሺህ? ዋሪዮ ያልገዛውን ሁሉ እሷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ የለጠፈችው ደግሞ ቤት የሚያበሰብስ ነገር ነው። ልጅቷን ጠላቻት። እውነት ይዞ የመጣን እንግዳ መጥላት ይቀላል።

በሳምንቱ ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ጁነይድ፣ ኢሕሳን፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ወንዶሰንና ኮከብ። ጉያቱን የጠራት የለም፤ እሷም ጥሪ አልጠበቀችም፤ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። ወንዶሰን በመዶሻ ጀርባ ግድግዳውን መታ ሲያደርገው ልስኑ በቁራጭ ወደቀ፤ ከሥሩ የወጣው ጭቃ እርጥብ ነበር፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ሌላ ቦታ መታ፤ እዚያም እንደዚያው። ኮከብ እርጥበቱ ከልስኑ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋዩ ውስጥ ድረስ ከፍተን እንይ አለች። ጁነይድ ቤቴን በግምት አላስቦረቡርም አላት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ኢሕሳን እንባዋን ጠርጋ፣ እንግዲያው የአባቴ ቤት ሞቷል ብላ እስክሪብቶ ጠየቀች።

ጁነይድ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አሸንፎ ነበር። ግን ቂም አላስቻለውም፤ ጉያቱን በገዛ ምላሷ ሊያስፈርምባት ፈለገ።

«ይኸው፣ እናንተ መሐንዲስ እያላችሁ ትደክማላችሁ» አለ እየሳቀ። «ሲሚንቶ እዚህ ቆማለች። ይህን ቤት በእጇ የለሰነችው፣ ሃያ ዓመት የጠገነችው እሷ ናት። እሷ ያላዳነችውን ቤት ማን ያድነዋል? ንገሪያቸው እንጂ። ድንጋዩ ነው የከዳሽ ወይስ እጅሽ?»

ማምለጫ ሰጣት። ድንጋዩ ነው ብትል ስሟ እንዳለ ይኖራል፤ ከተማው ውስጥ የለሰነችው ቤት ሁሉ በመሬቱ ይሳበባል፤ ቤቱና ክፍሏ ግን ይፈርሳሉ። እጄ ነው ብትል ቤቱ ይቆማል፤ እሷ ግን በማግሥቱ ሥራ የሚሰጣት አይኖርም። ኢሕሳን እስክሪብቶውን ይዛለች። ጉያቱ ምሰሶውን ለቃ ወደ ጓሮ መሄድ ጀመረች፤ ዘወር ሳትል ተከተሉኝ አለቻቸው።

በሕይወቷ ከሕፃኑ ጁነይድ በቀር ሰው ያላስገባችበት ክፍል ነው። የምትጠላቸው ሁሉ ገቡበት፤ አልጋዋን አዩት፣ ሁለት ድስቷን አዩት። ቁም ሳጥኑን በትከሻዋ ገፋችው። ከኋላው ግድግዳው እንደ ተጠረበበት ቀን ቆሟል።

«ምታው» አለችው ወንዶሰንን።

ወንዶሰን መታው። መዶሻው ነጠረ። ጭቃውን በመሮ ወጋው፤ መሮው አልገባም። ጎንበስ ብሎ እጁን ከወለሉ ጀምሮ እስከ ደረቱ አሳለፈና ደረቅ ነው አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ነው ያለው።

«አንድ ድንጋይ ነው፣ አንድ መሬት ነው» አለች ጉያቱ። «ልዩነቱ እኔ ነኝ። እዚህ ስደርስ ሲሚንቶ አለቀብኝ። ሌላውን ሁሉ አፍኜ ያበሰበስኩት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ድንጋዩ አልከዳም። ልስኑ ከተላጠ ይደርቃል። ይፍረስ የሚል ካለ እኔን ያፍርስ።»

ኢሕሳን እስክሪብቶውን ለወንድሟ መለሰችና ቤቱን እናከራያለን አለች።

ወሬው ከቀትር በፊት ገበያ ደረሰ። ማምሻውን ቤታቸው የሚያልብ ሰዎች በረንዳው ላይ ሞሉ፤ አንዱ ሌባ አላት፣ አንዷ ምራቋን ተፋችባት። ሲሰድብ የኖረ ሰው ሲሰደብ እንዴት እንደሚሆን ለማየት የመጣም ነበር። ጉያቱ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰችም። ጀምራ የነበረችው ሁለት ቤት ተነጠቀ።

ጁነይድ ደግሞ የቀረችውን አንዲት ምላጭ አወጣ። ቤቱ የሚከራየው ባዶውን ነው አለ፤ ሁሉም ክፍል፣ የጓሮዋም ጭምር። ኮከብ ለመነችው፤ ሽማግሌዎቹ የአባቱን ቃል አስታወሱት። አባቴ ቃል የሰጠው ቤቱን ላሳመረችለት ነው፣ ላበሰበሰችበት አይደለም አላቸው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲል ከተማው ሳቀባት። በሰባት ቀን ውስጥ ወጥታ ከከተማው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየች፤ ቀትር ላይ የማይገባባት ዓይነት።

ኮከብ እዚያ ድረስ ሄዳ አገኘቻት። «አካም፣ አዮ፣ ናጋ?» አለቻት። ናጋ የለም አለቻት ጉያቱ፤ ሰላም ከየት ይመጣል። ኮከብ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ የመጣችበትን ተናገረች፤ ልስኑ ድንጋዩን ሳይጎዳ መላጥ አለበት፣ ከዚያ በቀይ አፈር መመረግ አለበት፣ ያንን ግድግዳ እንደ አንቱ የሚያውቀው የለም አለች። ጉያቱ ከዚያ ቤት ካስወጡኝ ሰዎች ጋር አልሠራም ብላ ሰደደቻት። በማግሥቱ ማለዳ መሮና መዶሻ ይዛ በረንዳው ላይ ተገኘች። ለምን እንደመጣች የጠየቃት የቀን ሠራተኛ ሥራህን ሥራ ተባለ።

ሦስት ወር ፈጀባት። ሁለት ወር የለሰነችውን በሦስት ወር ላጠችው። ከዚያ የኩይሳ አፈር አስመጥታ፣ ጭድ ጨምራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ታቦካው ጀመር፤ ልክ ዱብሉቅ ላይ ለገንዳው ታደርግ እንደነበረው። ይህ ልስን በየዓመቱ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱም ይመረጋል። ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ሸሽታው የመጣችው እኮ እሱን ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጁነይድ መጣ። መኪናውን አቁሞ ብዙ ቆየ። ከልስኑ ሥር የወጣው ድንጋይ ጠቆር ያለ ነበር፤ የጠራቢው መሮ ምልክት አሁንም ይታያል። እሷ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆናለች፤ አላየሁህም ብላለች። በመጨረሻ ወርዶ ጠጋ አለ።

«አንድ ቀን ለማታድሪበት ቤት ነው እንዲህ የምትለፊው?» አላት።

ጉያቱ የያዘችውን ጭቃ ግድግዳው ላይ መረገችና በመዳፏ አስተካከለችው።

«በእኛ አገር ቤት የሠሪዋ ነው» አለችው። «አንተ ኪራይህን ሰብስብ።»

ጎንበስ ብላ ሌላ ጭቃ አነሳች።